በኮንዶሚኒየም ምድጃ ላይ የእስያ ዓይነት የዓሣ ጥብስ

ጥያቄ፦ የምኖረው ኮዬ ፈጬ ነው። ምግብ ቤት በልቼ የወደድኩትን፣ ዓሣ ከአትክልት ጋር በሶያ ሶስና በዝንጅብል የሚሠራውን የእስያ ዓይነት ጥብስ ቤቴ ለመሥራት ደጋግሜ ሞክሬአለሁ። ዓሣው ይፈራርሳል፣ መጥበሻው ውኃ ይሞላል፣ መጨረሻ ላይ ወጥ ይሆናል። ምድጃዬ የኤሌክትሪክ ነው። ችግሩ የእሳቱ ማነስ ነው? ዎክ የሚባለውን ጎድጓዳ መጥበሻ ልግዛ? የትኛው ዓሣ ይሻላል? ኦይስተር ሶስ ሳጣስ በምን ልተካው?

መልስ፦ ዎኩን አሁን አይግዙ። ገንዘቡን ለጥሩ ዓሣ ያቆዩት።

የእሳትዎ ማነስ እውነት ነው። የእስያ ምግብ ቤቶች የሚጠቀሙበት የጋዝ ምድጃ ከቤት ምድጃ ብዙ እጥፍ የሚበልጥ ሙቀት ይሰጣል። ያንን ኮንዶሚኒየም ውስጥ ማምጣት አይቻልም፤ ማምጣትም አያስፈልግም። መጥበሻዎ ውኃ የሚሞላው በከፊል በዚህ ምክንያት ነው። ዓሣው የሚፈርሰው ግን እሳት አንሶት አይደለም። ዓሣውንና አትክልቱን በአንድ መጥበሻ፣ በአንድ ጊዜ ስለሚያማስሏቸው ነው።

የበሬ ሥጋ ረጃጅም ክሮች በጠንካራ ጅማት ተያይዘው የተሠሩበት ነው፤ መጥበሻ ላይ ቢያገላብጡት፣ ቢያማስሉት ይችለዋል። የዓሣ ሥጋ ግን አጫጭር ንብርብሮች ነው፤ ንብርብሮቹን የሚያያይዘው ስስ ሽፋን ደግሞ በትንሽ ሙቀት ቀልጦ ያልቃል። የበሰለ ዓሣ በሹካ ሲነካ ንብርብሩ የሚላቀቀው ለዚህ ነው። ስለዚህ የሥጋ ጥብስ የለመደ እጅ ዓሣ ላይ ሲመጣ ልማዱን መተው አለበት። አትክልት መማሰልን ይወዳል፤ ዓሣ ዝም መባልን ይወዳል። ሁለቱን በአንድ ጊዜ ማስደሰት የሚችል እሳት የለም፣ የባለሙያውም ቢሆን።

የቻይና ወጥ ሠሪዎች ይህን የሚፈቱት ሥራውን ለሁለት በመክፈል ነው። ዓሣው በቀጭን የስታርችና የእንቁላል ነጭ ሽፋን ይለወስና ለብቻው በዘይት ወይም በውኃ ውስጥ አልፎ ይወጣል። አትክልቱ ለብቻው በኃይለኛ እሳት ይማሰላል። ዓሣው የሚመለሰው መጨረሻ ላይ፣ ሶሱ ሲገባ፣ ለግማሽ ደቂቃ ብቻ ነው። ምግብ ቤት ውስጥ ሲሠራ የሚያዩት ይህን የመጨረሻውን ክፍል ስለሆነ ሁሉም ነገር እዚያው መጥበሻ ላይ የበሰለ ይመስላል። ይህን ቅደም ተከተል ከያዙ የኤሌክትሪክ ምድጃዎ ይበቃዎታል።

የዓሣው ምርጫ የሥራው ግማሽ ስለሆነ እዚህ ላይ ረዘም ላድርግ። ለዚህ ምግብ እኔ የማስቀድመው ናይል ፐርችን ነው። ከጫሞና ከአባያ ሐይቆች፣ እንዲሁም ከጋምቤላ ከባሮ ወንዝ የሚወጣ ትልቅ ዓሣ ነው፤ ሥጋው ወፍራምና ጠንከር ያለ ስለሆነ ሙዳው ቅርጹን ይይዛል፣ እሾሁም ለማውጣት ቀላል ነው። በየሱቁ አይገኝም፤ ሲያገኙ ግን አይለፉት።

በቀላሉ የሚያገኙት ቆሮሶ ነው። ጣዕሙ የዋህ፣ ሥጋው ነጭና ስስ ነው፤ ሲበስል የሚፈርሰውም እሱ ነው። ያም ሆኖ በደንብ ይሠራል፤ አቆራረጡን ማወቅ ብቻ ነው የሚፈልገው። ፊሌቶውን መክተፊያ ላይ ዘርግተው መሐል ለመሐል፣ ከራስጌው ወደ ጅራቱ የሚሄደውን መስመር በጣትዎ ይዳስሱት። ራስጌው በኩል ባለው ግማሽ ላይ ጥቃቅን እሾሆች ይቆረቁሩዎታል። ከመስመሩ ግራና ቀኝ በስለታም ቢላዋ ሰንጥቀው እሾሁን ከነቀጭን ሥጋው ያውጡትና ለመረቅ ያስቀምጡት። የቀሩትን ሁለት ረጃጅም ሙዳዎች ከአራት ጣት ባላነሰ ርዝመት ይቁረጧቸው። ቆሮሶን እንደ ሥጋ ጥብስ አሳንሶ መክተፍ ትልቁ በደል ነው፤ ትንሹ ሙዳ ከመጥበሻው ሳይወጣ ፍርፋሪ ይሆናል።

አምባዛ በጥንካሬው ከቆሮሶ ይሻላል፤ ስብም አለው። ቅርፊት ስለሌለው በእምነት ምክንያት የማይበሉት ብዙ ናቸው። እርስዎ የሚበሉት ከሆነ ለዚህ ሥራ ምቹ ነው፤ የጭቃ ሽታው ላይ ግን መሥራት ይኖርብዎታል። ካርፕና ከጣና የሚመጣውን ባርበስ ለዚህ ምግብ አልመክርም። ሥጋቸው መሐል የተሰገሰገው ሹካ መሰል እሾህ በፊሌቶ አወጣጥ አይለቅም። እነሱን ሙሉውን ቆራርጦ አድርቆ መጥበስ ወይም መረቅ ማድረግ ይሻላል።

ከተማው ዳር መኖርዎ ዓሣ ለማግኘት እንቅፋት አይደለም፤ እንዲያውም ይጠቅምዎታል። የአዲስ አበባ–አዳማ የፍጥነት መንገድ የሚጀምረው እዚያው አጠገብዎ፣ ቱሉ ዲምቱ ነው። ከቆቃም፣ ከባቱም፣ ከሐዋሳም በሞጆ አድርጎ የሚመጣ ዓሣ ወደ ከተማው የሚዘልቀው በእርስዎ ወገን ነው። ባቱ ከአዲስ አበባ 160 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ይርቃል። የሚያሳስበኝ ርቀቱ ሳይሆን በረዶው ነው። ያለ በረዶ ፀሐይ ላይ የተዘረጋን ዓሣ በግማሽ ዋጋም ቢሆን አይግዙ። ሙሉ ዓሣ ከሆነ ዓይኑ ያበጠና የጠራ፣ የጉሮሮው ክፍል ቀይ መሆን አለበት። ፊሌቶ ከሆነ ዓይን አያዩም፤ በጣትዎ ጫን ያድርጉት። የተጎደጎደው ቦታ ወዲያው ከተመለሰ ጥሩ ነው፤ ጉድጓዱ እንዳለ ከቀረ፣ ጠርዙ ቢጫ ካለ ወይም ላስቲኩ ውስጥ ነጣ ያለ ውኃ ካቆረ ይተዉት። በጾም ወቅት ፈላጊው ስለሚበዛ ዋጋው ይወጣል፣ ዓሣውም ቶሎ ቶሎ ይሸጣል፤ ያኔ ትኩስ የማግኘት ዕድልዎ ከፍ ይላል።

የበረዶ ዓሣ ከገዙ ማታ ከፍሪዘር አውጥተው ፍሪጅ ውስጥ፣ ወንፊት ላይ ያሳድሩት። በሙቅ ውኃ የቀለጠ ዓሣ ውኃውን ሁሉ መጥበሻው ላይ ይለቅብዎታል።

አሁን ወደ ማጠቡ። እኛ ዓሣ በሎሚ ማጠብ ለምደናል፤ ልማዱም መሠረት አለው። የሐይቅ ዓሣ የጭቃ ሽታ የሚመጣው ጂኦስሚን ከሚባል ንጥረ ነገር ነው፤ ውኃ ውስጥ ያሉ አንዳንድ ጥቃቅን ተሕዋስያን ያመነጩትና ዓሣው ስብ ውስጥ ይከማቻል። አሲድ ይህን ንጥረ ነገር ስለሚሰብረው ሎሚም ሆነ አቼቶ ይረዳል። ችግሩ ዓሣውን ሎሚ ውስጥ ዘፍዝፎ መተዉ ላይ ነው። ሎሚው ላዩን ያለ እሳት ያነጣዋል፣ ሥጋው ይጠጥርና ሲበስል ይፈረፈራል። ስለዚህ በሎሚ አሽት አድርገው ወዲያው በቀዝቃዛ ውኃ ያለቅልቁት፤ ለአምባዛ ሁለት ሦስት ደቂቃ ቢጨምሩ አይከፋም። ከዚያ ግማሽ ኪሎ ዓሣ ላይ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው በትነው ለሩብ ሰዓት ይተዉት። ጨው ውኃውን ይስባል፣ ሥጋውንም ጠንከር ያደርገዋል። ያወጣውን ውኃ ደፍተው ዓሣውን ለቅለቅ ካደረጉ በኋላ በንጹሕ ፎጣ ወይም በሶፍት ተጭነው ያድርቁት። ከደረቀ በኋላ እጅዎ ላይ ሲይዙት ሊያጣብቅ እንጂ ሊያዳልጥ አይገባም። ይህን አንድ ነገር ብቻ ቢያስተካክሉ እንኳ ለውጡን ያዩታል።

ሽፋኑ ቀላል ነው። ለግማሽ ኪሎ ዓሣ የአንድ እንቁላል ነጭ፣ ሁለት የሾርባ ማንኪያ የበቆሎ ስታርች፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት፣ አንድ የሻይ ማንኪያ የተጨመቀ የዝንጅብል ጭማቂና ቁንጥር ቁንዶ በርበሬ። ስታርች የምልዎ ሱፐርማርኬት ኮርን ስታርች ወይም ኮርን ፍላወር እየተባለ የሚሸጠውን፣ በጣት ሲያሹት ሲጥ ሲጥ የሚለውን ነጭ ዱቄት ነው፤ የገንፎ የበቆሎ ዱቄት አይደለም። ከጠፋ ጥሩ ነጭ የቡላ ዱቄት ይተካዋል፤ እሱም በአብዛኛው ስታርች ነውና። ከመግዛትዎ በፊት ያሽትቱት፤ ኮምጠጥ ያለው ቡላ ሽታውን ዓሣው ላይ ያሳርፋል። በጾም ዓሣ የሚበሉ ከሆነ እንቁላሉን ትተው በሁለት የሾርባ ማንኪያ ውኃ ይተኩት፤ ሽፋኑ ትንሽ ይሳሳል እንጂ ሥራውን ይሠራል። ለውሰው ለሃያ ደቂቃ ያህል ፍሪጅ ውስጥ ያሳርፉት። የሽፋኑ ጥቅም ሁለት ነው፦ የዓሣውን ውኃ ውስጡ ይይዛል፣ ሙዳውንም ከውጭ ያስረዋል። በኋላም ሶሱ ተንሸራቶ እንዳይወርድ የሚይዘው እሱ ነው።

ቀጥሎ ያለው ምርጫ ነው። ዓሣውን በዘይት ማሳለፍ ይቻላል፤ ናይል ፐርች ከሆነና ጥሩ መጥበሻ ካለዎት ጣዕሙ ያምራል። አራት አምስት የሾርባ ማንኪያ የሱፍ ዘይት በደንብ ያግሉ፤ የእንጨት ማማሰያ ጫፍ ሲነከርበት ዙሪያው አረፋ መሥራት አለበት። ሙዳዎቹን ሳይነካኩ ደርድረው ለአንድ ደቂቃ እጅዎን ይሰብስቡ። ጠርዙ ነጥቶ፣ ሥሩ ከመጥበሻው ራሱ ሲላቀቅ አንድ ጊዜ ብቻ ይገልብጡት፤ ከግማሽ ደቂቃ በኋላ ያውጡት። የረጋ ዘይት ለዚህ አይሆንም፤ ምግቡ ትንሽ ሲቀዘቅዝ ላንቃ ላይ ይረጋል። የኑግ ዘይት ደግሞ ጣዕሙ ጎልቶ ዓሣውን ይሸፍነዋል።

ለእርስዎ ምድጃና ለቆሮሶ ግን ከልቤ የምመክረው በውኃ ማሳለፉን ነው። ሰፊ ድስት ውስጥ ሁለት ሊትር ያህል ውኃ፣ ጥቂት የዝንጅብል ቁራጮች፣ ትንሽ ጨውና አንድ ማንኪያ ዘይት ጨምረው ያፍሉ። ሲፈላ እሳቱን ይቀንሱና ውኃው እምብዛም ሳይናወጥ ሲቀር ዓሣውን አንድ በአንድ ይልቀቁት። መጀመሪያ ይሰምጣል፤ ሽፋኑ ይረጋና ሙዳው ቀስ ብሎ ይነሣል። ለቆሮሶ አንድ ደቂቃ፣ ወፈር ላለ ሙዳ አንድ ደቂቃ ተኩል በቂ ነው። ቀዳዳ ባለው ጭልፋ አውጥተው ወንፊት ላይ ያንጠፍጥፉት። በዚህ ጊዜ ቢነኩት ላዩ እንደ ሐር ይለሰልሳል፣ ውስጡ ለመብሰል ጥቂት ይቀረዋል።

ከፍታችን እዚህ ላይ ያግዘናል። የአዲስ አበባ ዳርቻዎች ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ናቸው፤ እርስዎ ያሉበት አካባቢ ውኃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ93 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ነው፤ ሱሉልታ በኩል ከዚያም ዝቅ ይላል። ለባቄላና ለሽምብራ ይህ መከራ ነው። ለዓሣ ግን ጥሩ ነው፤ ውስጡ 63 ዲግሪ ሲደርስ በስሏልና፣ ረጋ ያለው ውኃ አያስደነግጠውም። ዘይት ላይ ከፍታው ለውጥ አያመጣም፤ የጋለ መጥበሻ እዚህም ባሕር ዳርቻም ያው ነው።

በዚያው ውኃ ዓሣው ከመግባቱ በፊት ካሮቱንና ፎሶሊያውን ለአንድ ደቂቃ አሳልፈው ያውጧቸው። እነዚህ ሁለቱ ጠንካሮች ስለሆኑ ደካማ መጥበሻ ላይ ቆይተው ውኃ የሚያወጡብዎት እነሱ ናቸው። ጥቅል ጎመን፣ የፈረንጅ ቃሪያ፣ ባሮ ሽንኩርትና ዝኩኒ ጥሬአቸውን ይገባሉ። ሁሉም ከአንድ ሰዓት በፊት ታጥቦ ወንፊት ላይ ተንጠፍጥፎ የደረቀ ይሁን። ቲማቲም አያስገቡ፤ ወጥ የሚያደርግብዎት አንዱ እሱ ነው።

የኤሌክትሪክ ምድጃ ጠባይ ይህ ነው፦ ቀስ ብሎ ይግላል፣ ቀስ ብሎም ይበርዳል። ስለዚህ ከአምስት ደቂቃ በፊት እስከ መጨረሻው ይክፈቱት፣ መጥበሻውንም አብረው ያግሉት፤ ዘይቱ የሚገባው ከጋለ በኋላ ነው። እሳት ለመቀነስ ሲፈልጉ ቁልፉን አይጠብቁት፣ መጥበሻውን ያንሡት። ከሁሉም በላይ መጥበሻውን አያጨናንቁት። በአንድ ጊዜ ሁለት እፍኝ አትክልት ይበቃል። ለስድስት ሰው የሚሠሩ ከሆነ ሦስት ጊዜ እየከፈሉ ይጥበሱ፤ እያንዳንዱ ዙር ሁለት ሦስት ደቂቃ ነውና ብዙ አይዘገዩም። የተጨናነቀ መጥበሻ መጥበስ ትቶ መቀቀል ይጀምራል፤ ያዩት ውኃ የመጣው ከዚያ ነው።

ዘይቱ ሲግል መጀመሪያ በክር በክሩ የተከተፈ ዝንጅብልና የተቀጠቀጠ ነጭ ሽንኩርት ይግቡ፤ ሽታቸው ሲነሣ፣ ሳይጠቁሩ፣ አትክልቱን ይጨምሩ። ማቃጠል ከፈለጉ ሰንጠቅ የተደረገ ቃሪያ ወይም የደረቀ ሙሉ በርበሬ ይበቃል። የተፈጨ በርበሬ የጋለ ዘይት ላይ አርሮ ይመራል፤ ሚጥሚጣም ኮረሪማው ወደ ሌላ ምግብ ይወስደዋል። ሁለቱንም በሌላው ማዕድ እወዳቸዋለሁ፤ እዚህ ግን ቦታቸው አይደለም።

ሶሱ አስቀድሞ በስኒ ተቀላቅሎ ይጠብቅ፤ አትክልቱ መጥበሻ ላይ ሆኖ ጠርሙስ መፈለግ አይቻልም። ለግማሽ ኪሎ ዓሣ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ሶያ ሶስ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር፣ አንድ የሻይ ማንኪያ አቼቶ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ስታርችና አምስት የሾርባ ማንኪያ መረቅ። ሶያ ሶስ ራሱ ጨው ስለሆነ ሳይቀምሱ ሌላ ጨው አይጨምሩ። ኦይስተር ሶስን የሚተካልዎት ይህ መረቅ ነው። የኦይስተር ሶስ ጉልበት ከባሕር ቀንድ አውጣ መሰሉ እንስሳ ከሚገኘው የሥጋ ጣዕምና ከጣፋጭነቱ ነው። እርስዎ የዓሣውን ጭንቅላት (ጉሮሮው ወጥቶ) አጥንቱንና ለይተው ያስቀመጡትን እሾህ ከዝንጅብልና ከጥቂት እንጉዳይ ጋር ለሃያ አምስት ደቂቃ ቀቅለው ያጥሉት፤ ከዚያ እስኪወፍር ድረስ ያንተክትኩት። በሶያ ሶስና በስኳር ሲቀላቀል የሚፈልጉትን ጥልቀት ይሰጥዎታል። የተረፈው መረቅ ለማግስቱ ሾርባ ነው።

አትክልቱ ሳይልም፣ ገና እየተንኮሻኮሸ፣ ስኒውን አማስለው ዙሪያውን ያፍሱት። ስታርች ሙሉ በሙሉ ለመወፈር ከፍ ያለ ሙቀት ስለሚፈልግ በእኛ ከፍታ ትንሽ ይዘገያል፤ ወዲያው አልወፈረም ብለው ሌላ ስታርች አይጨምሩ፣ ለአንድ ደቂቃ ያህል ይንተክተክ። መልኩ ጠርቶ ማብረቅረቅ ሲጀምር ዓሣውን ከላይ ይደርድሩ። ማማሰያውን ያስቀምጡ። የመጥበሻውን እጀታ ይዘው ሁለት ሦስት ጊዜ ወዘወዝ አድርገው ሶሱን በማንኪያ ከላይ ያልብሱት፤ ግማሽ ደቂቃ ነው። ከዚያ ይውረድ።

የእስያ ወጥ ሠሪዎች መጨረሻ ላይ የተቆላ የሰሊጥ ዘይት ጠብ ያደርጋሉ። የእኛ ሰሊጥ ዘይት አብዛኛውን ጊዜ ሳይቆላ የተጨመቀ ስለሆነ ያንን መዓዛ አይሰጥም። አንድ ማንኪያ ነጭ ሰሊጥ በደረቅ መጥበሻ እስኪያሽት ቆልተው፣ በሙቀጫ ሸክ ሸክ አድርገው ቢበትኑበት ይበልጣል።

መጥበሻን በተመለከተ፦ ቤትዎ ቆሎ የሚቆሉበት ጎድጓዳ የብረት ምጣድ ካለ ከዎክ የማይተናነስ ዕቃ ነው፤ የኤሌክትሪክ ምድጃው ጠፍጣፋ ስለሆነ ግን ለከሰል ወይም ለጋዝ ብቻ ያውሉት። ምድጃዎ ላይ ከባድ፣ ታቹ ጠፍጣፋ የሆነ የብረት መጥበሻ ይሻላል። የማያጣብቀውን ቴፍሎን ባዶውን አያግሉት፤ ከ260 ዲግሪ ሲያልፍ ሽፋኑ መበላሸት ይጀምራል። መብራት በሚጠፋበት ቀን ላቀች የከሰል ምድጃ ከኤሌክትሪኩ የበለጠ ኃይለኛ ሙቀት ይሰጥዎታል፣ ለዚህ ምግብ እንዲያውም እመርጠዋለሁ። ነገር ግን በረንዳ ላይ ወይም ግቢ ውስጥ ብቻ ይሁን። በተዘጋ ክፍል የሚነድ ከሰል የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፣ ይገድላልም።

ሩዙን አስቀድመው ያድርሱት፤ ዓሣው ከወረደ በኋላ አይጠብቅም። በእኛ ከፍታ ሩዝ ውስጡ ጥሬ የመቅረት ጠባይ ስላለው ግማሽ ሰዓት ዘፍዝፈው፣ ከፓኬቱ መመሪያ ትንሽ ውኃ ጨምረው፣ ክዳኑን አጥብቀው በቀስታ ያብስሉት፤ የፎገራም ሆነ የውጭው ሩዝ በዚህ መንገድ ይሆናል። የተረፈ ዓሣ ካለ ማግስቱን መጥበሻ ላይ አይመልሱት። ሩዙን ለብቻው አሙቀው ዓሣውን ከላይ አስቀምጠው ክዳን ቢገጥሙበት፣ በእንፋሎቱ ሳይፈርስ ይሞቃል።